ለአጭር ኳርተርባክ የተላከ ሽማግሌ

በዘመኔ ብዙ ጊዜ ለሽምግልና ተልኬአለሁ። የተኳረፉ ባልና ሚስት አስታርቄአለሁ፤ «ልጃችሁን ለልጃችን» ብዬ በሰው ደጅ ቆሜአለሁ፤ ድንበር የተጋፉ ጎረቤታሞችን ከእርሻቸው መካከል አቁሜ አስማምቻለሁ። ከእነዚህ ሁሉ አብልጬ የማስታውሰውና ለእናንተም ልጽፍላችሁ የወደድሁት ግን፣ በቴክሳስ አገር፣ ስሙን የእግር ኳስ ብለው በእጅ ለሚጫወቱት ጨዋታ አሠልጣኝ ሽማግሌ ሆኜ የሄድሁበትን ቀን ነው።

ያን ጊዜ በዘጠናዎቹ የፈረንጅ ዓመታት መካከል ነበርን። እኔ ከጎጃም ተነሥቼ፣ በዜማና በአቋቋም ትምህርት አርጅቼ፣ ግራንድ ፕሬሪ ከምትኖረው ልጄ ከአልማዝ ዘንድ ከመጣሁ ብዙ አልቆየሁም። አልማዝ ዳላስ በሚገኝ ሆስፒታል ታማሚዎችን ትረዳለች። ባሏ በሱዳን ስደት ላይ ሳለ፣ ወደ እርሷ ለመምጣት ተራውን ሲጠብቅ፣ በሕመም ዐርፏል። የቀራት አንድ ልጅ ቢንያም ነው። በዚያ ወራት ድምፁ የጎረነነ፣ ጢሙ ልውጣ አልውጣ የሚል ጎረምሳ ነበር።

ስለ ቁመቴ ጥቂት ልናገር፤ ያለ እርሱ ነገሩ አይገባችሁምና። አጭር ነኝ። የአቋቋም መምህሬ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ «አንተን ከረድፉ ውስጥ ለማግኘት የምፈልገው መቋሚያህን ነው» ይሉኝ ነበር። ሰውነቴ ከሰው ትከሻ በታች ሲሰወር መቋሚያዬ ብቻ ከላይ ይታይ ነበርና። ይህን ቁመት ልጄ አልማዝ ከእኔ ወሰደች፤ ከእርሷም ቢንያም ወሰደ።

አንድ ረቡዕ ምሽት ነው። ቢንያም የጾሙን ሽሮ ፊት ለፊቱ አስቀምጦ ዝም ብሎ ያየዋል።

«ምነው ቢኒዬ፣ አልጣፈጠህም?» አለችው እናቱ።

«ኖ፣ ደህና ነኝ።»

«ደህና የሆነ ሰው ሽሮን እንዲህ አያየውም» አልሁ።

ቀና ሳይል፣ «ኮች አወጣኝ» አለ።

አልማዝ ማንኪያዋን ጣለች። «ከትምህርት ቤት?»

«ኖ፣ ማሚ! ከኳርተርባክ። ማለቴ ከቲሙ አይደለም። ሌላ ቦታ ሊያደርገኝ ነው። ከዴንተን አዲስ ልጅ መጣ። የመብራት ፖል በይው። ሶ… ኮች “ልብህ ጥሩ ነው፣ እጅህ ጥሩ ነው፣ ግን አጭር ነህ” አለኝ። አልፌ አላይም። ኳሱን ይመቱብኛል።»

እኔ ስለዚያ ጨዋታ የማውቀው ቢኖር፣ ዓርብ ማታ እንደሚደረግና፣ ዓርብ ጾም ስለ ሆነ ጓደኞቹ ከጨዋታው በኋላ ሥጋቸውን ሲበሉ የእኛ ልጅ ድንች ብቻ በልቶ እንደሚመጣ ነው። «ኳርተርባክ ማለት ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅሁት።

ተነሣና ከቁም ሳጥኑ አምስት ትልልቅ ብርጭቆዎች አምጥቶ በገበታው ላይ ደረደረ። ከኋላቸው ትንሿን የሚጥሚጣ ብልቃጥ አቆመ። ብርጭቆዎቹ ከፊት ሆነው የሚጋርዱት ወጠምሾች ናቸው፤ ብልቃጧ እርሱ ነው። ኳሱ ለእርሱ ይሰጠዋል። ከወዲያ ያሉት ጠላቶች ወጠምሾቹን ገፍተው ሳይደርሱበት፣ በቀኝም በግራም ከሚሮጡት ጓደኞቹ ለየትኛው እንደሚወረውር የሚወስነው እርሱ ነው። እርሱ ካልጀመረ የሚንቀሳቀስ የለም።

«መሪጌታ ማለት ነዋ!» አልሁ። «ቀኝ ጌታና ግራ ጌታ ቆመው መሪውን እንደሚጠብቁት።»

«ምናልባት» አለና ብልቃጧን በጣቱ ገፋት። «ግን ከዚህ ሆኖ ብርጭቆ ብቻ ነው የሚታየው። ሃይቴን… ቁመቴን ደግሞ ያገኘሁት ካንተ ነው፣ አባባ።»

«አንቱ በል!» አለች አልማዝ።

«ሶሪ። ከአንቱ።»

እኛ ሳቅን፤ እርሱ ግን አልሳቀም። «ከቀየረኝ አቆማለሁ» ብሎ ወደ ክፍሉ ገብቶ በሩን ዘጋ።

አልማዝ ወደ ተዘጋው በር አየች። «አባዬ፣ ይህ ልጅ አባቱ ካረፈ ወዲህ ድምፁ የሚሰማው እዚያ ሜዳ ላይ ብቻ ነው። ቤት ውስጥ ቃል የማይወጣው ልጅ እዚያ ሲጮህ፣ ሲያዝዝ ቢያዩት! ያንን ካጣ ተመልሶ እዚያ በር ኋላ መቅረቱ ነው።»

ነገሩ ለእኔ ከዚያ ወዲያ ጨዋታ መሆኑ ቀረ። «እንግዲያውስ ሽማግሌ ይላካል» አልሁ።

«ለኮቹ? አባዬ፣ እዚህ እንዲህ አይደረግም።»

«አሠልጣኙ ሰው አይደለም?»

«ሰው ነው።»

«ሰው ከሆነ ሽማግሌ ይገባዋል።»

ሽማግሌ ሦስት ነው። ሁለተኛውን ለማግኘት አልተቸገርሁም። አቶ ሽፈራው ከአውሮፕላን ማረፊያው መንገደኛ የሚያመላልስ ባለ ታክሲ ነው፤ እንግሊዝኛውን እንደ ውኃ ይጠጣዋል፤ ጨዋታውንም ይወደዋል። በስልክ ነገርሁት።

«መሪጌታ፣ ሲሪየስ ነዎት?»

«እርሱ ደግሞ ምንድን ነው?»

«የምርዎን ነው ወይ ማለቴ ነው።»

«የምሬን ነው።»

«ኦኬ። ነገ መንገደኛ አልጭንም፤ መጥቼ እወስድዎታለሁ።»

ሦስተኛውን አስቤ መረጥሁ። አቶ መኩሪያ በዕቃ መጋዘን የሚሠራ፣ ከምእመናኑ ሁሉ የሚረዝም ሰው ነው። ተከራይተን በምናስቀድስበት አዳራሽ ከእርሱ ኋላ የቆመ ሰው የመቅደሱን መጋረጃ እንኳ አያይም። በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ በሽፈራው መኪና ስንጓዝ ጉልበቱ ከአገጩ ሊገጥም ደርሶ ነበር።

«እኔ እንግሊዝኛ አልችል፣ ጨዋታውን አላውቅ። ለምን አመጣችሁኝ?» አለ።

«አሠልጣኙ ወገናችሁ ሁሉ አጭር ነው እንዳይለን ነው» አልሁት።

ሽፈራው ከሳቀ በኋላ ፊቱን ኮስተር አደረገ። «መሪጌታ፣ አንድ ነገር ልንገርዎ። ሰውየው ክፉ ሆኖ አይደለም። በዚህ አገር ለዚያ ቦታ ረጅም ነው የሚፈለገው። ከረጅሞች በላይ አይቶ፣ ከረጅሞች እጅ በላይ የሚወረውር። ምክንያት አለው።»

«ምክንያቱን እንሰማዋለን። የእኛንም ይሰማል።»

ነጭ ልብሳችንን ለብሰን፣ ነጠላችንን አጣፍተን፣ መቋሚያዬን ይዤ ከሜዳው ዳር ስንወርድ የመስከረም መባቻ ፀሐይ ገና እንደ ምጣድ ትፋጅ ነበር። በሜዳው ላይ የራስ ቁር የደፉ ልጆች ይላተማሉ። ከመካከላቸው አንዱ በድንገት ቆመ። ወደ እኛ አየ። ከዚያ ቁሩን ከራሱ ነቅሎ ወረወረና ወደ እኛ መሮጥ ጀመረ።

ቢንያም ነበር። ፊቱ እንደ አመድ ሆኗል።

«እማዬ ናት? እማዬ ናት አይደል? ንገሩኝ! እማዬ ምን ሆነች?»

እኔ ምን እንደሚል አልገባኝም። ሽፈራው ግን ደረቱን በእጁ መታ። «ኖ፣ ኖ፣ ቢኒ! ደህና ናት! ሥራ ላይ ናት! በእመቤቴ ደህና ናት!»

ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ምን ዓይነት ጅሎች ነን፣ መሪጌታ!» አለኝ። «የአባቱን መርዶ ይዘን ማለዳ የሄድን ጊዜ እኔም ነበርሁበት። እንዲህ ነጭ ለብሰን፣ እንዲህ ተሰብስበን። በሩን የከፈተልን እርሱ ነበር። ትንሽ ልጅ ነበር።»

መቋሚያዬን ለመኩሪያ ሰጥቼ ልጄን አቀፍሁት። ልቡ ደረቱን በሸፈነው በዚያ ጥሩር ውስጥ ሲዘል በደረቴ ይሰማኝ ነበር። ቁመታችን እኩል ነውና ግንባሩ ግንባሬ ላይ ዐረፈ፤ ላቡ በዓይኔ ገባ።

ትንፋሹ ሲመለስለት፣ «ታዲያ ለምን መጣችሁ?» አለ።

«ለሽምግልና።»

«ለማን?»

«ለኮችህ።»

ሁለት እጁን በፊቱ ላይ አደረገ። «አባባ… ኖ። ፕሊስ። ሁሉም እያዩ ነው።»

በእርግጥም ሁሉም ያዩ ነበር። አሠልጣኙም ወደ እኛ እየመጣ ነው። አንገቱ በፀሐይ የቀላ፣ ሆዱ ቀድሞት የሚሄድ፣ ግዙፍ ሰው ነው፤ ልጆቹ ኮች ሬይ ይሉታል። «ልጁ ምን ሆነ?» ብሎ ጠየቀ። ሽፈራው ከመርዶው ጀምሮ እስከ መጣንበት ጉዳይ ድረስ ነገረው። ሰውየው ቆቡን ከራሱ አውልቆ ሰማ፤ ከዚያም ወደ ቢሮው እንድንገባ በእጁ አመለከተን።

ቢሮው ጠባብ ነው፤ የላብና የቆዳ ሽታ አለበት። ወንበር ሰጠን። አልተቀመጥንም። ወንበሩ ያልበቃን መስሎት ከሚቀጥለው ክፍል ሌላ ሁለት አስመጣ። አሁንም አልተቀመጥንም። ቢንያም ከበሩ አጠገብ ሆኖ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

«እነዚህ ሰዎች ምን አላቸው?» አለ ኮች ሬይ።

ሽፈራው ጉሮሮውን ጠረገና፣ «እሺ ካልተባሉ አይቀመጡም። ወጋችን ነው» ብሎ መለሰለት፤ ለእኛም ተረጐመልን።

ሰውየው ሊቀመጥ ብሎ ከግማሽ ተመለሰ። «እንግዲያው እኔም አልቀመጥም። እናቴ ሽማግሌ ቆሞ ተቀመጥ ብላ አላሳደገችኝም።» እንዲህ ሆነና ሁላችንም በባዶ ወንበሮች መካከል ቆመን ተነጋገርን።

እኔ ጀመርሁ። ከሕዝቡ ሁሉ በራስና በትከሻ የሚበልጥ ንጉሥ ተመርጦ ፍጻሜው ምን እንደ ሆነ፣ ማንም ያላሰበው የእሴይ ታናሽ ልጅ ግን ከበጎች ኋላ ተጠርቶ እንዴት እንደ ተቀባ ተናገርሁ። ሽፈራው ተርጕሞ ሳይጨርስ ሰውየው ነጠቀውና ታሪኩን እርሱ ፈጸመው። ለካ የሰውየው አባት ሰባኪ ነበሩ።

«ቃሉ እውነት ነው» አለ። «ነገር ግን፣ አባቴ፣ የእሴይ ልጅ ወንጭፉን ሲወነጭፍ ከፊቱ አምስት ሰው ቆሞ አልጋረደውም።»

ይህን ሽፈራው ሲተረጕምልኝ ሳላስበው ሳቅሁ። በቅኔ ቤት ቢሆን «ይበል!» የሚያሰኝ መልስ ነው። ሰውየውን ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ወደድሁት።

እርሱም ወደደኝ መሰል፣ ድምፁን አለዝቦ ቀጠለ። «ቢንያምን ጠልቼ አይደለም። ከሁሉ የሚተጋው እርሱ ነው። ነገር ግን ከፊቱ ያሉት ልጆች ከእርሱ ይረዝማሉ፤ ከወዲያ የሚመጡትም ይረዝማሉ፤ እጃቸውንም ያነሣሉ። ያላየውን መወርወር አይችልም። የወረወረውን ከመንገድ ይመቱበታል። ቡድኑ የአንድ ልጅ አይደለም፤ የሌሎቹም ልጆች እናቶች አሏቸው።»

ሽማግሌ በዚህ ጊዜ ምን ያደርጋል? በአገራችን ድንበር ያጣላቸውን ስንዳኝ ከቤት ተቀምጠን አንፈርድም። ወርደን፣ ከተጣሉበት መሬት ላይ ቆመን፣ ድንጋዩን በዓይናችን አይተን ነው። «ጌታው፣ ልጁ ከሚቆምበት ቦታ ላይ አቁመኝ» አልሁት።

ሽፈራው ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ፤ ሁለት ጊዜ ነገርሁት። ኮች ሬይ በመስኮት ወደ ሜዳው፣ ከዚያም ወደ ነጠላዬ ተመለከተ። «ኑ» አለ።

ወጠምሾቹን ከፊቴ ደረደራቸው። ጎንበስ ብለው እጃቸውን መሬት ሲያስነኩ ሜዳው እስከ ጥጉ ይታየኝ ነበር። «ይህማ ምን ያስቸግራል?» እያልሁ በልቤ ስመጻደቅ ፊሽካው ተነፋ። ተነሡ። እናንተ ሆይ፣ ግድግዳ ተነሣ! ከፊቴ ጀርባ ብቻ ሆነ፤ ከጀርባው በላይ ደግሞ የተዘረጉ እጆች፤ ከእጆቹ በላይ ሰማይ። ከዚያ ወዲያ ሰው ይኑር አይኑር የማውቅበት መንገድ አልነበረኝም። ግድግዳውም ወደ እኔ ይንቀሳቀስ ነበር። ልጅ ሳለሁ ከታላላቅ ደባትር ኋላ ቆሜ የሚሰማኝ ያ መዋጥ፣ ያ መሰወር፣ ድንገት በእርጅናዬ ተመለሰብኝ።

ፊሽካው ዳግም ተነፍቶ ሁሉም ሲቆም ዞርሁ። ሁሉም ይጠብቀኛል፤ ቢንያምም ዓይኑን ከእኔ አልነቀለም። ሐሰት መናገር አልቻልሁም።

«እውነት ብለሃል፣ ጌታው» አልሁ። «ከዚህ ሆኖ አይታይም።»

ቢንያም ሽፈራው እስኪተረጕም መጠበቅ አላስፈለገውም። «አባባ፣ የመጣኸው ለኔ ነው ለሱ?»

«ሽማግሌ የሚመጣው ለእውነት ነው፣ ልጄ።»

ሣሩን በጫማው ጫፍ መታው። የሄደ መስሎኝ ነበር። ጥቂት ርምጃ ተራምዶ ግን ተመለሰና ከአጠገቤ ቆመ።

«እሺ። ግን አንተ ዝም ብለህ ነው የቆምከው» አለ። «ዝም ብሎ ለቆመ ሰው አይታይም። እነሱ ግድግዳ አይደሉም፤ ይንቀሳቀሳሉ። ሲጋፉ ይከፈታል፤ ከዛ ይዘጋል። እኔ ከላያቸው አላይም፤ በመሃላቸው ነው የማየው።» ከዚያ ወደ አሠልጣኙ ዞሮ በእንግሊዝኛ ጥቂት ቃል ተናገረ። በቤት የማልሰማው፣ የጠነከረ ድምፅ ነበር። አልማዝ የነገረችኝ ድምፅ ይህ እንደ ሆነ ዐወቅሁ።

ኮች ሬይ ከወዲያ በኩል ረጃጅሞቹን መርጦ አቆመ፤ እጃቸውን እንዲያነሡም አዘዘ። «አትራሩለት» እንዳላቸው ሽፈራው ነገረኝ።

የመጀመሪያዋን ኳስ አንዱ ረጅም በመዳፉ መታት፤ ተመልሳ ከእግሬ ሥር ወደቀች። በሁለተኛዋ ቢንያም ክፍተት ሲፈልግ ዘገየና ደረሱበት፤ ከሥራቸው ተቀበረ። «ወይኔ ልጄን!» ብሎ መኩሪያ መቋሚያዬን እንደ ያዘ ወደ ሜዳው ዘለቀ፤ ሽፈራው በነጠላው ጫፍ ጎትቶ መለሰው። ቢንያም ተነሣ፤ ሣሩን ከአፉ ተፋ። «ዋን ሞር» አለ። አሠልጣኙ ሰዓቱን አየ። ራሱን ነቀነቀ፤ እሺታ ይሁን እንቢታ ከሩቅ አልለየሁትም።

ፊሽካው ተነፋ። ግድግዳው ተነሣ። ቢንያም ኳሱን በደረቱ ይዞ ወደ ቀኝ ሸርተት አለ፤ ቆመ፤ ወደ ግራ ተመለሰ። አልሮጠም፤ አልቸኮለም። እኔ መቋሚያዬን ከመኩሪያ ተቀብዬ ይዤ ነበር። ያን ርምጃ ዓይኔ ሳይለየው በፊት እጄ ለየው። መቋሚያው ሳላዝዘው ወደ ቀኝ አዘመመ፤ ወደ ግራ አዘመመ። ዝማሜ ነው! በወረብ ጊዜ ረድፉ የሚዘምመው ዝማሜ። የወጠምሾቹ ትከሻ ሲለያይ ኳሷ አስቀድማ በዚያ ደርሳ ነበር፤ ከሁለት ሰው መካከል እንደ ወፍ ሾልካ ወጣች። ከወዲያ ማን እንደ ተቀበላት አላየሁም፤ ጩኸቱን ግን ሰማሁ።

ደግሞ ሞከሩት። ሁሉም አልሰመረለትም። አብዛኛው ግን አለፈ። አንዱን ረጅም እንዲያውም እጁን በባዶ አየር ላይ አስጨብጭቦት ጓደኞቹ ሳቁበት።

ኮች ሬይ ወደ ቢንያም ቀርቦ አንድ ነገር ጠየቀው። ቢንያም ጫማውን እያየ መለሰ። መልሱ ረዘም ያለ ነበር። አሠልጣኙ ወደ እኔ ዞሮ ተመለከተኝ። ሽፈራውም ተመለከተኝ፤ ነገር ግን አይተረጕምም።

«ምን አለ?» አልሁ።

«ቆይ፣ መሪጌታ።»

«ሽፈራው፣ ምን አለ?»

አፍንጫውን በነጠላው ጠረገ። «ኮቹ “ይህን ማን አስተማረህ?” አለው። እርሱም… “እሑድ እሑድ በቤተ ክርስቲያን ከረጃጅም ሰዎች ኋላ ነው የምቆመው” አለ። “አያቴ ከፊት ሆኖ ይመራል። አጭር ስለ ሆነ አይታየኝም። ሰዎቹ ግን ይወዛወዛሉ። ወደ አንድ በኩል ሲያዘምሙ ይከፈታል፤ ሲመለሱ ይዘጋል። ከአገር ቤት ከመጣ ጀምሮ እሱን ለማየት ቀዳዳው ሳይከፈት በፊት መራመድ ለመድኩ” አለ።»

እኔ ያን ልጅ በየእሑዱ በረድፉ ክፍተት፣ ከኋላ ወዲያና ወዲህ ሲል አየው ነበር። የተሰላቸ መስሎኝ፣ እግሩ ውጭውን የናፈቀ መስሎኝ፣ «አርፈህ ቁም በይው» ብዬ ለእናቱ የተናገርሁበትም ቀን አለ። ለካ የሚፈልገው እኔን ነበር።

 

አሠልጣኙ ቆቡን አስተካክሎ ፍርዱን ተናገረ። «አልዋሻችሁም። ጨዋታ ሲጀመር የሚሰለፈው የዴንተኑ ልጅ ነው፤ ቁመት ቁመት ነው። ቢንያም ግን ከቦታው አይነሣም። ኳርተርባክ ነው። ተራው ሲደርስ እንዲህ እየተንቀሳቀሰ የሚጫወትበትን መንገድ እኔ አበጅለታለሁ። ተራውም ይደርሳል።» ከዚያም በሜዳው ዳር ወዳለው ረጅም አግዳሚ አመለከተ። «አሁንስ ትቀመጣላችሁ?»

ተቀመጥን። መኩሪያ ደክሞት ኖሮ በረጅሙ ተነፈሰ።

ሽምግልና ያለ ምርቃት አይፈጸምም። ተነሥቼ ይህንኑ በሽፈራው በኩል ነገርሁት። ኮች ሬይ ወደ ልጆቹ ዞሮ አንዲት ቃል ጮኸ። እነዚያ ሁሉ ግዙፋን፣ ያ ግድግዳ፣ ያ ከሰማይ በታች ያለውን ሁሉ የጋረደብኝ የጀርባ ተራራ፣ የራስ ቁራቸውን አውልቀው በአንድ ጉልበታቸው ተንበረከኩ። አሠልጣኙም ተንበረከከ። መኩሪያና ሽፈራውም ግራና ቀኝ አይተው ተንበረከኩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ካሉት ሁሉ ረጅሙ ሰው እኔ ሆንሁ።

በየራሳቸው ላይ እጄን እየጫንሁ አለፍሁ። «ዕድሜያችሁን ያርዝመው፤ እናቶቻችሁን አያሳዝንባችሁ፤ ከስብራት ይሰውራችሁ» አልሁ። አማርኛ አያውቁም፤ ነገር ግን ሽፈራው ከመጨረሻው ሲተረጕምላቸው «አሜን» አሉ። የዴንተኑ ልጅ ተንበርክኮም ትከሻዬ ላይ ይደርሳል። ጥሩ ልጅ ነው፤ ጠጕሩ እንደ ገብስ ነዶ ቢጫ ነው። በእርሱ ላይ እጄን ጥቂት አቆየሁት፤ የእርሱም እናት አለችና። ቢንያም ይህን አይቶ ፈገግ አለ። ከዚያ ረቡዕ ወዲህ ጥርሱን ሲያሳይ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ስንመለስ በመኪናው ውስጥ ከአጠገቤ ተቀምጦ፣ «አባባ፣ ሁለተኛ ሦስት ሆናችሁ ነጭ ለብሳችሁ እንዳትመጡ» አለኝ።

«አንመጣም። ስንመጣ በየተራ እንመጣለን።»

«ከመጣችሁ… እሱ ረጅሙ ሰውዬ ይቅር። ሰዎች መታ።»

«ማንንም አልመታሁም!» አለ መኩሪያ ከፊት ወንበር። «ልመታ ነበር።»

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ፍጻሜውን ትጠብቁ ይሆናል። ቢንያም በዚያ ዓመት ብዙ ቆሞ፣ ጥቂት ተጫወተ። የተመታበትም አለ፤ ያለፈለትም አለ። በሚቀጥለው ዓመት ቡድኑን እርሱ መራው። ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ግን በዚያ ቁመት ለዚያ ቦታ የሚፈልገው ቡድን አላገኘም፤ አዘነ፤ ተጽናና፤ ትምህርቱን ቀጠለ። ስለዚህ ቁመት አያስፈልግም ብዬ ሐሰት አልጽፍላችሁም። ከዚያ ግድግዳ ኋላ ቆሜ አይቻለሁና፤ ያስፈልጋል። ለአጭር ሰው ዓለም ራሷን ዝቅ አታደርግለትም። ነገር ግን ግድግዳ የሚመስለን ብዙ ነገር ሰው ነው፤ ሰውም ይንቀሳቀሳል። ሲከፈት የሚያይ፣ ማየት የሚፈልገውን የሚወድድ ብቻ ነው። ፍቅር የሌለው ልጅ ያን ርምጃ ከየት ይማረው ነበር?

በእኔ ላይ የለወጠውም ይህ ነው። ዛሬ በቤተ ክርስቲያን ከኋላ የሚቅበጠበጥ ልጅ ሳይ፣ «ቁም» ከማለቴ በፊት ከፊቱ ማን እንደ ጋረደው አያለሁ። እናንተም ወላጆች፣ እናንተም አያቶች፣ እንዲሁ ብታዩ እለምናችኋለሁ። ምናልባት የሚፈልገው እናንተን ይሆናል።

በዚያው ወር የመስቀል ዕለት ማኅሌት ቆመን ነበር። ከበሮው ተመታ፤ ጸናጽሉ ተንሿሿ። መኩሪያ እንደ ልማዱ ከፊት ረድፍ እንደ ዋርካ ተገትሯል። ወደ እርሱ ዘንበል ብዬ፣ «መኩሪያ፣ ዝማሜህን ሰፋ አድርገው» አልሁት።

«ምነው፣ አበላሸሁ እንዴ?»

«አላበላሸህም። ሰፋ አድርገው ብቻ።»

ወረቡን አነሣሁ። ረድፉ ወደ ቀኝ አዘመመ፤ መኩሪያም ያን ረጅም ሰውነቱን እንደ ሸንበቆ አጎነበሰው። በተከፈተው ክፍተት ውስጥ አንድ ዓይን አየሁ፤ አስቀድሞ በቦታው ደርሶ ይጠብቀኝ ነበር። ረድፉ ተመለሰ፤ ተዘጋ። እኔም፣ በማኅሌት መካከል የማይገባ ነገር ነው፣ አንድ እግሬን ወደ ግራ አስቀድሜ ሸርተት አልሁና ቀጣዩ ክፍተት እስኪከፈት ጠበቅሁት።